በቃጠሎው ቀን የተሰበረው ጓጉንቸር

«ቁም! ቁም ብዬሃለሁ!»

አስናቀው ሽጉጡን ከወገቡ መዘዘ...

ሰውየው አልቆመም። ቦንዳ ብርድ ልብስ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ በጭሱ ውስጥ ይሮጣል።

ብርድ ልብሱ ደግሞ የአስናቀው ነው! የሱቁ ጓጉንቸር ተሰብሯል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

አስናቀው ሰውየውን ከጀርባው አወቀው።

ሙናዊር! የጎን ሱቅ ባለቤት ሙናዊር!

ቆይ... የእነዚህን ሁለት ሰዎች ነገር ካላወቃችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ መርካቶ፣ ሱቆቹ ግድግዳ የሚጋሩበት አንድ መስመር ላይ።

አስናቀው የጎጃም ልጅ፣ ብርድ ልብስ አከፋፋይ። ሙናዊር የስልጤ ልጅ፣ ምንጣፍ ሻጭ።

ድሮ አንዱ ሶላት ሲሄድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሲስም፣ አንዱ የአንዱን ሱቅ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ በበረንዳ ተጣሉ። በበረንዳ!

አስናቀው በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ እየከመረ የሙናዊርን በር ጋረደው። ሙናዊር ከሰሰ፤ ማኅበራዊ ፍርድ ቤትም ለሙናዊር ፈረደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አስናቀው ባለ ፈቃድ ሽጉጡን ከጃኬቱ ስር ዳበስ እያደረገ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣

«አንድ ቀን የኔን ዕቃ ይንካና... በዚህ ነው የምንፋረደው!» ይላል።

ወንድነት መስሎት እኮ ነው!

በቃጠሎው ቀን አስናቀው ሰባተኛ ሰፈር ሄዶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። «መስመራችሁ እየተቃጠለ ነው!»

የመርካቶን ቃጠሎ ያየ ያውቀዋል... ዕቃ የሚያተርፈው ጎረቤትም ተሸክሞ ይሮጣል፣ ሌባውም ተሸክሞ ይሮጣል። ከሩቅ አይለዩም።

አስናቀው እያለከለከ ሲደርስ ዓይኑ ያረፈው እሳቱ ላይ አይደለም። ሙናዊር ላይ ነው።

«ይሄ ሌባ! የልቡ ደረሰለት!»

«በለው! በለው እንጂ!» አለ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ። ማን እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም። እንዲህ ያለው አፍ መቼም ስም የለውም!

«ቁም!»

ሙናዊር አልሰማም። በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ ጆሮው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ እንዴት አድርጎ ይስማ?

ጧ!

ሙናዊር በግንባሩ ተደፋ።

አስናቀው ጎንበስ አለ... ያነሳው ግን ብርድ ልብሱን ነው። አዎ፣ ሰውየውን ትቶ ብርድ ልብሱን!

የመስመሩ ሽማግሌ ጋሼ ገብረ ማርያም ፊታቸው ጥላሸት እንደለበሰ እየሮጡ መጡ።

«ምን አደረግህ አንተ?!»

«ሌባ መታሁ ጋሼ! ሱቄን ሰብሮ ሲዘርፈኝ!»

«ሰበረ፣ አዎ ሰበረ! መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ! ና! ና እይ!»

ክንዱን ይዘው እየጎተቱ መንገድ አሻገሩት።

የአስናቀው ብርድ ልብስ በሙሉ እዚያ ተከምሯል። አጠገቡ የሙናዊር ሚስት ሀፍሷ ዱላ ይዛ ቆማለች፣ ከሌባ እየጠበቀችለት።

ተኩሱን ሰምታለች። ማን እንደተመታ ግን ገና አልነገሯትም።

አስናቀውን ስታየው ፊቷን አጨማደደች። «መጣህ? በል ዕቃህን ጠብቅ። ሙናዊር የመጨረሻዋን ይዞ እየመጣ ነው።»

አስናቀው ዞሮ ክምሩን አየ።

«የ... የእሱ ምንጣፍስ?»

ጋሼ በአገጫቸው ወደ እሳቱ አሳዩት። የሙናዊር ሱቅ ጣሪያው ወርዷል።

«እሳት ሲነሳ ባለቤቱ የሌለበት ሱቅ ይቅደም... ይሄን ደንብ ለመስመሩ ያወጣው ማነው አስናቀው?»

እሱ ራሱ ነው እናንተዬ!

በፊተኛው ቃጠሎ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሳለ ሱቁ ስለነደደበት፣ ደንቡን አውጥቶ ሁሉንም በየሃይማኖቱ ያስማለው አስናቀው ነው። ሲጣላ መሐላውን ረሳው። ሙናዊር ግን ተጣልቶም አልረሳውም።

ሙናዊር ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

አስናቀው በነፍስ ግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቃው «ሕጋዊ መከላከል ነው፣ ሽጉጡም ፈቃድ አለው» ብሎ ተከራከረ።

ዳኛዋ አስናቀውን ጠየቁት። «ሟች ፊቱ ወዴት ነበር?»

«ወደዚያ ነበር ክብርት ዳኛ... ጀርባውን ነው ያየሁት።»

«በእጁ ምን ይዞ ነበር?»

«ብርድ ልብስ።»

«ታዲያ ከምንድነው ራስህን የተከላከልከው?»



ፈቃዱ መያዣ እንጂ መግደያ አይደለማ! ሕጉ ግልጽ ነው። ጥቃት ሲመጣብህ፣ ሌላ መውጫ ስታጣ፣ ያውም በልኩ። የሚሄድ ሰው ጀርባ ላይ መተኮስ ከየትኛውም ውስጥ አይገባም።

«በዚህ ነው የምንፋረደው» ያላትም ፉከራ በምስክሮች አፍ ተመልሳ መጣችበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ተፈረደበት።

ፖሊሶች ሲያወጡት ሀፍሷ በሩ ላይ ጠበቀችው። አላለቀሰችም። አንድ ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ብርድ ልብስህን ያስቀመጥኩበት መጋዘን ቁልፍ ነው። አንድም አልጎደለም።»

«ሀፍሷ... በፈጠረሽ...»

«ያንተን መለስኩልህ። አሁን የኔን መልስልኝ!»

ፖሊሶቹ አስናቀውን ቁልፉን እንደጨበጠ ወሰዱት። 

ወዳጆቼ... በጠብ ዓይን ያየኸው ሰው ሊያድንህ ሲሮጥም ሌባ ይመስልሃል። ብርድ ልብስ ይተካል። ጥይት ግን ከወጣች በኋላ «ተሳስቼ ነው» ብትላት አትሰማህም።

እናንተ በሀፍሷ ቦታ ብትሆኑ ብርድ ልብሱን ትመልሱለት ነበር ወይስ እሳቱ ውስጥ ትጨምሩት ነበር? «ይቅር ለእግዜር» ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ የልባችሁን ጻፉ።

አንተም... «በለው» ያልከው ሰውዬ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ እስኪ ዛሬስ በስምህ ትጽፋለህ?