የረቡዕ ጩኸት

አባቷ በእርግጥ ይሰማል ወይስ የሰው ከንፈር እያየ ነው ራሱን የሚነቀንቀው? ኮሪን ወደ ኦክላሆማ ከተመለሰች ጀምሮ ይህን ለራሷ መመለስ አቅቷታል። አሁንም የእርሻ ዕቃ መደብሩ ባንኮኒ ላይ ከተደረደሩት ሬዲዮዎች አጠገብ ቆማ በዓይኗ ጠርዝ ትከታተለዋለች።

አባቷ ቨርሊን አንዱን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎታል። "ይሄ የሴንት ሉዊስን ጣቢያ ይስባል?"

"ማታ ማታ ጥርት አድርጎ!" ትላለች ባለመደብሯ ኦፓል። "ሜዳው ዳር ተቀምጠህ ቤዝቦል የምታይ ነው የሚመስልህ። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ግን የለውም።"

"ማስጠንቀቂያ ምን ይሠራልኛል? በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሰማዩን አየዋለሁ።"

"እናንተ ወንዶችማ! እኛ ከነፋሱ ሸሽተን ምድር ቤት ገብተን ስማችሁን እየጠራን እንጮሃለን፣ እናንተ በረንዳ ላይ ቆማችሁ ደመና ትመርቃላችሁ።"

የመኖ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ጎረቤታቸው ዱዌይን ቡናውን እንደያዘ ይስቃል። ኮሪን አትስቅም። ባለፈው ወር ነፋሱ የዱዌይንን ጎተራ ጠራርጎ ሲወስድ አባቷ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ነበር። የከተማው የአደጋ ሳይረን አልጮኸም ብሎ ይምላል። ጮኋል። ዳላስ ያለው ወንድሟ ክሌይ ቁርጡን ነግሯታል፤ አባባ ማስጠንቀቂያ የማይሰማ ከሆነ እርሻው ይሸጣል፣ እሱም የአረጋውያን መጦሪያ ይገባል። እሷ ስኮትላንድ ተምራ፣ እዚያው ብዙ ዓመት ቆይታ የመጣች ሰው፣ በዚህ መሬት ላይ ምን አፍ አለኝ ብላ አልተከራከረችውም።

"እሺ፣ ይሄስ?" ኦፓል ሌላ ሬዲዮ ታቀርባለች። "ሴንት ሉዊስም ይመጣል፣ ማስጠንቀቂያም አለው። ይቺ ደግሞ ትሰካበትና ትራስ ሥር ትገባለች። አደጋ ሲመጣ እየተንቀጠቀጠች ትቀሰቅስሃለች።" የኩኪስ ያህል ክብ ነገር ናት፣ ሽቦዋ ረጅም።

ቨርሊን በጣቱ ገፋ ያደርጋታል። "የደንቆሮ ዕቃ።"

"ተወው፣ ሙከራው ራሱ ይምረጥልህ። ደርሷል።" ኦፓል ማስጠንቀቂያ ያላቸውን ሬዲዮዎች አንድ በአንድ ታበራለች። ረቡዕ ረቡዕ፣ ቀትር ሊሆን ሲል፣ የአየር ጠባይ ጣቢያው የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለሙከራ ይለቃል። በዚህ አካባቢ ሬዲዮ የሚገዛ ሰው ረቡዕን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

ቨርሊን ጀርባውን ሰጥቷቸው የአጥር ሽቦ ወደተደረደረበት ይሄዳል።

ሬዲዮዎቹ አንድ ላይ ይጮሃሉ። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ዱዌይን ቡናውን ጉልበቱ ላይ ያፈሳል፤ ጣሪያው ሥር የነበረች ድንቢጥ በርግጋ ትወጣለች። ቨርሊን የሽቦውን እሾህ በአውራ ጣቱ እየሞከረ ነው። አይዞርም።

ኦፓል ኮሪንን ታያታለች። ዱዌይን መሬት መሬቱን ያያል። ይኸው መልሱ፣ ትላለች ኮሪን በልቧ። ባንኮኒው ላይ ያቺ ክብ ነገር እየተንቀጠቀጠች ወደ ጠርዙ ትሳባለች። ኮሪን ሳታስበው ብድግ ታደርጋታለች፤ ሽቦዋ እስከ ፈቀደላት ድረስ ሄዳ አባቷ መዳፍ ውስጥ ታስቀምጣታለች።

ቨርሊን ክው ይላል። እጁን ያያል፤ ከዚያ የእያንዳንዳቸውን ፊት። ጩኸቱ ቀጥ ይላል፤ መዳፉ ውስጥ ያለችውም ጸጥ ትላለች። እሱ ግን አይለቃትም።

"ለውሻው ትሆናለች፤" ይላል በመጨረሻ።

ውሻው በበረዶው ወራት ሞቷል። መቅበሪያ ጉድጓዱን የቆፈረው ዱዌይን ነው።

"እሱ ውሻ ድሮም ሲጠሩት አይሰማ፤" ይላል ዱዌይን ሱሪውን እያራገፈ።

"ትራስ ላይ ነው የሚተኛው?" ኦፓል ፈገግ እንኳ አትልም።

"ያንኮራፋልም፤" ይላል ቨርሊን።

"እንግዲያው ልኩ ናት።"

"አባባ፣" ትላለች ኮሪን፣ "ከነቃ በኋላስ? ወደ በረንዳ ነው ወይስ ወደ ምድር ቤት?"

ቨርሊን ትክ ብሎ ያያታል። "ወደ ምድር ቤት፤" ይላል። "ሬዲዮውን ግን ይዞ ነው የሚገባው። የቤዝቦል ጨዋታ እንዳያመልጠው።"

ኮሪን ትስቃለች። ስትስቅ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ወዴት እንደሄደ ሳታውቅ ይለቃታል። ኦፓል ካርቶን ስትፈልግ፣ ወንዶቹም ስለ ሽቦው ዋጋ መጨቃጨቅ ሲጀምሩ፣ ወደ በሩ ፈቀቅ ብላ በስልኳ ለክሌይ ትጽፋለች። "አባባ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ይነቃል። እርሻው አይሸጥም። እኔም እዚሁ ነኝ።" መልሳ አታነበውም፤ ትልከዋለች።

ከክሌይ መልስ አይመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። እርሻውን ስለ መሸጥ ግን ደግሞ የሚያነሳ የለም።