የተፈታው ስፌት

ሳህሌ አሮጌውን የገንዘብ ኖት ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፣ ገልብጦ አየው፣ መነጽሩን አውልቆ አየው። ክሩ የለም። ትናንት መሐል ለመሐል ሰባት ቡናማ ስፌት ነበረው፤ አሁን የያዘው የተተኮሰ ልሙጥ ወረቀት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የፈለገው ኖት!

"ይህን ማን ነካው?" አለ፣ ቤት ውስጥ ከአማቱ ሌላ ሰው እንደሌለ እያወቀ።

እትዬ ማንያህልሻል ፊታቸው ፈክቶ ከጓዳ ብቅ አሉ። ጎጃም በረንዳ ሠላሳ ዓመት ሱቅ የነገዱ ሴት ናቸው። የታክሲ ረዳት አልቀበልም ያለውን የተቀደደ ብር ይዞ ሰፈሩ ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የሚሮጠው። በስስ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ ለጥፈው፣ በካውያ ተኩሰው፣ አዲስ አስመስለው ይመልሱታል። ልጃቸው ጋ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጡ ስምንት ወራቸው ነው፤ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ሰንብቷል።

ንጋት ላይ፣ እሱ ሳይነሳ እንደጨረሱት ነገሩት። ክሩን በመርፌ እየለቀሙ አወጡት፤ ማን እንደሰፋው እንጃ፣ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው አሉ። "ዛሬ ሰው ፊት አወጣዋለሁ ስትል ሰምቼ፣ እንዳታፍር ብዬ ነው።"

ሳህሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዛሬ ኦፍ የወሰደው አሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች በዓመት አንዴ በሚያዘጋጁት ሾው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ጠረጴዛ ስለተሰጠው ነው። የሚያሳየውም ይህንኑ አንድ ኖት ብቻ፤ አሜሪካ ገና አገር ሳትሆን፣ በፈረንጆቹ 1776፣ ኒው ጀርሲ ያሳተመችው አሥራ ሁለት ሺሊንግ። ከጀርባው የቅጠል ሥዕልና "አስመስሎ የሠራ ይሙት" የሚል ማስፈራሪያ አለው። እንዲህ ያለ ኖት ሌሎቹም ጋ አይጠፋም። በዚያው ዘመን ሰው እጅ የተሰፋ ግን የእሱ ብቻ ነበር። ሾው ሊከፈት የቀረው ሁለት ሰዓት ነው።

ደሙ ፈላ። አማት ላይ አይጮኽም፤ እንዲያ ነው ያደገው። ጋራዥ ገብቶ በሩን ዘጋና ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ሥራ ላይ ያለችውን ሚስቱን ፀደይን ኮል አደረጋት፤ ለእናትየው የነበረውን ጩኸት ሁሉ እሷ ላይ አወረደው። እሷም አዳምጣ አዳምጣ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለችው። ይቺ ናት እንግዲህ ጭራሽ ያሳበደችው። በተረት ሊያባብሉት!

ተመልሶ ገባ። "ክሩስ፣ እትዬ? ክሩን የት አደረጉት?"

"ጣልኩት።"

የቆሻሻ መኪናው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ ሄዷል። የቆሻሻ ቢኑን እየጎተተ ወደ መንገድ ያወጣው ደግሞ ራሱ ሳህሌ ነው።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ሊወጣ ነበር፤ አልሆነለትም። ሃያ ዓመት መሪ ጨብጦ የሰካራሙንም የጤነኛውንም ስድብ ችሎ የኖረ ሰው፣ አንዲት አሮጊት ፊት ቱግ አለ። ወረቀቱ ምኔም አይደለም አላቸው፤ ወረቀት የትም ይገኛል፤ እኔ የፈለግኩት ክሩን ነው። ማንም ሳይነካው ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት የኖረ ነገር እኔ ቤት ገብቶ ዓመት አልቆየም አለ። ድምፁ ጣራ ነካ። "ገደሉብኝ" አላቸው።

የእትዬ ማንያህልሻል ፊት ጠቆረ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ማን ነበር የሰፋው?"

"አይታወቅም። አንዲት ሴት ትሆናለች።"

"ለምን ሰፋችው?"

"ተቀዶባት ነዋ። ባለሱቁ አልቀበልሽም እንዳይላት..."

ኖቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ?" አሉ። አሁን የተቆጡት እሳቸው ናቸው። "እሷ ስትጠግነው ሰው ሰብስበህ ታሳይላታለህ። እኔ ስጠግነው ገደሉብኝ ትላለህ። እኔ ስላልሞትኩ ነው?"

እትዬ ማንያህልሻል ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ክፍላቸው ገቡ፤ በሩንም ሳያጮሁ ዘጉት።

ንዴቱ አልበረደለትም። እንዲያውም ባሰበት፤ ማን ላይ እንደሚያሳርፈው ጠፋው። ቢያንስ ይህን ልጣፊ አንስቼ ልጣል ብሎ ኖቱን ገለበጠና ጥፍሩን ከስሱ ወረቀት ጠርዝ ስር አስገባ። ሊልጠው ጎንበስ ሲል፣ ካውያው ባልደረሰበት ጥግ፣ ሙጫው ሳይደርቅ የተጫነ የእትዬ ማንያህልሻልን የአውራ ጣት አሻራ አየ። መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ግማሹ ልጣፊው ላይ፣ ግማሹ የቅጠሉ ሥዕል ላይ ነው።

ጥፍሩን ቀስ አድርጎ አወጣ።