ሰገነቱ ላይ ያለችው ሴት

አስጎብኚዋ ምንታምር ከፒያሳ አዳዲስ ፎቆች መሀል ቆመችና ጎብኚዎቿ መነጽራቸውን እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። ወዲያው የፈረሰው ሰፈር ተመልሶ ታየ፤ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጠባብ የድንጋይ መንገድ። ይህ ሁሉ ከነዋሪዎቹ ጭንቅላት የተወሰደ ትዝታ ነው። ቤታቸው ሲፈርስ ትዝታቸውን የሰጡ ሰዎች ምትክ ቤት አገኙ፤ የሰጡት ትዝታ ግን ከእነሱ ጠፋ።

አባቷ አቶ ወልደየስም ሰጥተው ነበር፤ ልጄ ሜዳ ላይ አትደር ብለው። ዛሬ ለምና አመጣቻቸው፤ ቢያዩት ምናልባት ትዝ ይላቸው ይሆናል ብላ።

«ይህ ቤት የጭቃና የእንጨት ነው» አለች ድምጿን አረጋግታ። «ደረጃው በውጭ የሆነው ምድር ቤቱ ሱቅ ስለነበረ ነው።»

ሰገነቱ ላይ አንዲት ሴት የትንሽ ልጅ ፀጉር ትሠራለች። ልጅቷ አመመኝ ብላ ስትነጫነጭ ሴትየዋ አናቷን እፍ ትልላታለች።

አቶ ወልደየስ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ደግ ሴት ትመስላለች። ማን ናት?»

«እናቴ ናት፣ አባባ። የሞተችው ሚስትዎ አስካለ።»

አቶ ወልደየስ መነጽራቸውን አውልቀው የልጃቸውን ፊት ተመለከቱ።

«ነፍሷን ይማር» አሉ፣ ለማያውቀው ሰው ለቅሶ እንደደረሰ እንግዳ በትሕትና። «መልክሽ ከእሷ ነው ማለት ነው።»

ሌሎቹ ጎብኚዎች እየጠበቋት ስለነበር ምንታምር የአባቷን ክንድ ይዛ ወደሚቀጥለው ቤት መራቻቸው።