እንብላ

ገነት የደብረ ታቦር አካባቢ ሽማግሌዎች የአገሩን ታሪክ የተናገሩባቸውን አሮጌ ካሴቶች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። ያን ቀን ተራው የየኔታ ሙላቴ ነበር፤ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ካሴቱን ሳታቆም ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። የኔታ በተማሪነታቸው ጉና ሥር በየደጃፉ ቁራሽ ሲለምኑ ውሻ እንዳባረራቸው፣ በባዶ አኩፋዳ ተመልሰው ጦማቸውን እንዳደሩ ያወራሉ፤ እሷ ትጎርሳለች። ምሳዋን ስታገባድድ ድምፃቸው ቀጥ አለ። ካሴቱ ግን ይዞራል፤ ትንፋሻቸውም ይሰማል።

ፊቷ ጋለ። እናቷ ብታያት፣ “ምነው፣ ይህን ነው ያስተማርሁሽ?” ባለቻት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀች፣ ይሉኝታ ይዟት፣ “እንብላ፣ የኔታ” አለች።

“እሺ፣ ልጄ።”

ደንግጣ ማጫወቻውን አጠፋችው። ምሳ ዕቃው ውስጥ የቀረው ወጥ የነካው የእንጀራ ጠርዝ ብቻ ነበር። ከድንጋጤው ሀፍረቱ ብሶባት በእጇ ከለለችው።

“ግድ የለም፣ ተማሪ ቁራሽ ለምዷል” አሉ የኔታ፣ ከፊት ለፊቷ ካለው ባዶ ወንበር። “ብቻ እጄን አስታጥቢኝ።”