የጉሙ ንጉሥ የሚጠራው ስም

መልካሙ ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ማሽኑ ከሚያባዛው ወረቀት ባለቤቱ የሚያነበው ይበልጣል ይባላል። «ጉምና ማኅተም» የተባለውን ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ብቻ አርባ ጊዜ አንብቦታል። አርባ ከበዛባችሁ ሠላሳ ዘጠኝ በሉት።

መጽሐፉ የአስማት ነገር ነው። በጉም አገር የሚገዛ አንድ ንጉሥ አለ፤ ጦር አይወረውርም፣ መርዝ አይበጠብጥም። የሰውየውን የክርስትና ስም ያገኛል፣ ውኃ ላይ ጎንበስ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ባለ ስሙ ይሞታል። በቃ።

ይህ ለደብረ ታቦር ሰው ተረት ብቻ አይመስለውም። እዚህ የክርስትና ስም ለጎረቤት አይነገርም፤ መተተኛ እንዳይሰማው። በአደባባይ የሚሰማው ፍትሐት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባለቤቱ ከእንግዲህ ምን ይሆናል? የመልካሙ እናት እማማ ጌጤም ስሙን በሰባት ዓመቱ በጆሮው ሹክ ብለው፣ ለነፍስ አባቱ ካልሆነ ለማንም እንዳይናገር በመስቀል አስምለውታል። ልጅ ሳለ ሲታመም፣ ቄሱ ለጸሎት ስሙን ሲጠይቁ፣ እናቱ መጀመሪያ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ደጅ ያወጡት ነበር። እንዲህ ያሉ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። አጥቢያቸው ኢየሱስ ሆኖ ሳለ፣ በወር በወር በአሥራ ሁለት ግን ዳገቱን ወርደው ሩቅ ደብር ድረስ ሄደው ስለ ልጃቸው ጧፍ ያበራሉ። እግራቸው አብጦ እንኳ አንድ ወር አላስታጎሉም።

የመጽሐፉ ወዳጆች ቴሌግራም ላይ ተሰባስበው፣ የጉሙ ንጉሥ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚሞት ሲከራከሩ ይውላሉ። ክርክሩ የከረረው ከሁለተኛው ቅጽ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቅጽ ንጉሡ ወለተ ሐና የምትባል ሴት ገደለ፤ መጽሐፉ በወጣ በወሩ ከተማው ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ሞተች፣ ፍትሐት ላይም ወለተ ሐና ተባለች። በሁለተኛው ኃይለ ኢየሱስ ተጠራ፤ በሐሙሲት መንገድ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ተከተለው። ስሙ ያው። «መጽሐፉ ሰው ይበላል» ተባለ። በከተማው ስንት መቶ ወለተ ሐና እንዳለች የቆጠረ ሰው የለም፤ ፍርሃት ቆጠራ አይወድም።

ሦስተኛው ቅጽ ሁለት ወንድማማቾችን ንጉሡ ፊት አቁሞ አለቀ። በአራተኛው አንዱ ይሞታል። ታላቁ ወልደ ሰንበት፣ ታናሹ ክንፈ ሚካኤል።

መልካሙ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ከደነው። ወልደ ሰንበት እናቱ በጆሮው ሹክ ያሉት ስም ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ፈራ። ዓይኑን ጨፍኖ ይታጠባል። ጉም ከጉና ወርዶ ሱቁ በር ላይ ሲቆም፣ ሊጠራው የመጣ እየመሰለው ማሽኑን ያጠፋል። ከመክሳቱ የተነሣ ቀበቶው ሁለት ዙር ዞረው። ከመጽሐፉ ወዳጆች አብዛኞቹ ደግሞ ታላቁ ይሞታል ባዮች ነበሩ።

እንዳይናገር፣ መናገር ስሙን ማውጣት ነው። ስለዚህ ሊቅ ሆነ። መጽሐፉን ሲያገላብጥ አንድ ቀዳዳ አገኘ። በአስማቱ ሕግ፣ ውኃ ፊቱን ያላየውን ሰው ስሙ ቢጠራ አይይዘውም። ወንድማማቾቹ ወንዝ ሲሻገሩ ታናሹ ጎንበስ ብሎ ጠጥቷል፤ ታላቁ ግን ዓይኑ ቆስሎ፣ ፊቱን በነጠላ ተሸፍኖ፣ በበቅሎ ነው የተሻገረው። ሟቹ እንግዲህ ታናሹ ነው። ይህንኑ በመቶ ሃያ ገጽ ጻፈና በራሱ ማሽን አባዝቶ በነጻ አደለ።

እፀገነት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ወረቀቱን ልትወስድ መጥታ ቀለደችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ወልደ ሰንበት የሥጋ ዘመድህ ነው እንዴ?»

ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

የመጽሐፉ ደራሲ ጋሽ ይሻው፣ ገሳይ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። መልካሙ ጽሑፉን አስጠርዞ ሄደ። እሳቸው በአራተኛው ቅጽ ረቂቅ ታላቁን ገድለው ጨርሰው ነበር። ቢሆንም ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡለትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንዙን ረስቼው ነበር» አሉ። «እውነትህን ነው፤ ሕግ ሕግ ነው። ግን የከተማውን ወሬ እኔም ሰምቻለሁ። ለመሆኑ ክንፈ ሚካኤል የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ቢኖርስ?»

መልካሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭው ጉም ነበር።

«ቢኖርም የሌላ እናት ልጅ ነው» አለ።

ጋሽ ይሻው ጥቂት አዩትና እስክሪብቷቸውን አነሡ።

አራተኛው ቅጽ የመጣው በመስከረም ነው። መልካሙ ካርቶኑ ሳይፈታ ደርሶ የመጀመሪያውን ገዛ፤ እዚያው ቆሞ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበ። ንጉሡ ውኃው ላይ ጎንበስ አለ፤ ሦስት ጊዜ ክንፈ ሚካኤልን ጠራ፤ ታናሹ ወደቀ። መልካሙ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ እናቱ ግቢ ገባ። ደጃፉ ላይ ባልዲ ሙሉ ውኃ ነበር። ከስንት ወር በኋላ ዓይኑን ገልጦ ጎንበስ አለበት፤ የገዛ ፊቱን ጠግቦ አየ፤ ታጠበም።

እማማ ጌጤ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም ዘረገፈላቸው፤ ስሙ መጽሐፉ ላይ መውጣቱን፣ ሲፈራ መክረሙን፣ በመጨረሻም በእሱ ፈንታ ሌላውን ማስጠራቱን። እየሳቀ ነበር የሚነግራቸው።

ክሩ ተበጠሰ።

«ማንን አስጠራህ?» አሉ።

ነገራቸው።

እማማ ጌጤ እንዝርቱን መሬት ላይ አስቀመጡ። በተከፈተው በር ወደ ባልዲው አዩ፤ ውኃው ገና እየተነቃነቀ ነበር።

«የልጅ አፍ ወንፊት ነው ብዬ እኮ ነው ያኔ የሐሰት ስም የነገርሁህ፤ በወር በወር ሚካኤል ድረስ የምወርደው ለማን ስም ይመስልሃል፣ ልጄ?»