የመጨረሻው ወታደር ጉንጭ

የቆየ ሥዕል በምራቅ ይጸዳል ስል ሰው ይጸየፈኛል እንጂ አያምነኝም። ጥጥ እንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልዬ፣ በምራቄ አርጥቤ፣ ጥላሸቱን ቀስ እያልኩ አነሳለሁ። እዚህ ሙዚየም ሃያ ዓመት የኖርኩት በዚሁ ሥራ ነው።

አሁን የያዝኩት ትልቅ ሥዕል ወደ ጦርነት ለመሄድ መርከብ የሚሳፈሩ ወታደሮችን ያሳያል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ መርከቡ አዙረዋል፤ መወጣጫው ሥር ያለው የመጨረሻው ልጅ ብቻ ወደ ተመልካቹ ያያል።

"ወታደሩን ሁሉ በምራቅሽ አጠብሽው እኮ! እናታቸው ነሽ እንዴ?" አለኝ ፍሬም የሚሠራው አናጢ።

ሳቅኩ፤ ጥጡን ግን አስቀመጥኩ። ልጄ ባለፈው ወር ሲዘምት፣ አውቶቡሱ በር ላይ ጉንጩን አቧራ ነክቶት አይቼ በምራቄ ጠረግኩለት። "ተይ እማዬ፣ ሰው ያየናል!" ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

አናጢው ለምሳ ሲወጣ የመጨረሻው ልጅ ጋ ደረስኩ። ጉንጩን ጠረግኩት። ጥጡ ጠቆረ፤ ሌላ ልጠቀልል ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል ልጁ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሯል። የሚታየኝ ጆሮውና ማጅራቱ ብቻ ነው።

ዓይኔ ነው ብዬ፣ ሥራ ስጀምር ያነሳሁትን ፎቶ አወጣሁ። ፎቶው ላይ ልጁ ፊት ለፊት ያየኛል፤ ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

ፎቶውን ዝቅ አደረግኩ።

መወጣጫው ላይ ያሉት ወታደሮች በሙሉ ዞረው ያዩናል።