ከመኪናዋ ስር ያለው ካርቶን

ታላቅ ወንድሜ በገዛ እጁ ቱርቦ ገጥሞ ጉልበት የጨመረላትን መኪና፣ እሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ወደ ጋራዤ አመጣቻት።

"ዘይት ታፈሳለች። እሱ እያለ አንዲት ጠብታ አይወጣትም ነበር" አለችኝ።

"እታለም፣ የሁለት ቀን ሥራ ናት" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

የሚያፈስበትን ቦታ ለማወቅ እንደ ልማዴ ከስሯ ካርቶን አነጠፍኩ። ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን ብቀይር በማግስቱ ካርቶኑ ረጠበ። የቱርቦውን የዘይት ቱቦ ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! እልህ ያዘኝና ዘይቱን አንጠፍጥፌ፣ ሞተሩን ከነቱርቦው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ በታተንኩት። ባዶዋን መኪና አጥቤ አደረቅኩና አዲስ ካርቶን አነጠፍኩላት። እጄ ለምዶበት ነው እንጂ ከዚህ በኋላ ምኗ ሊንጠባጠብ?

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የወንድሜ ሚስት መጣች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን ሞተር ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

"እሱ ስንት የደከመበትን እንዲህ ዘርግፈህ አስቀመጥከው?"

"ምን ላድርግ እታለም፣ አሸነፈችኝ።"

ጎንበስ ብላ ከመኪናዋ ስር አየች።

"ይኸው፣ አሁንም ታፈሳለች።"

"ያጠብኩበት ውሃ ይሆናል" አልኳት።

"ኧረ ዘይት ነው" ብላ ካርቶኑን በጣቷ ነካችው። ወዲያው እጇን መንጭቃ ሰበሰበችና ጣቷን እፍ፣ እፍ አለችው።

"አቃጠለኝ እኮ! አሁን ማን ነው ነድቷት የገባው?"